የቴምር አጥንት

ለሚመለከተው ሁሉ!

እኔ ፅናት አረጋ፣ ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ፣ መተዳደሪያዬ በጋዜጣ ላይ በሰው መቀለድ፣ ባለፈው ማክሰኞ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ እናቴ ቤት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ አንድ ቴምር የበላሁ መሆኔን በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ። ይህ ውሳኔ ለሃያ ሦስት ዓመት ጸንቶ የቆየውን የቴምር እቀባ የሚሽር ሲሆን፣ ከአሁን በፊት በሠርግ፣ በኢፍጣር ግብዣና በአንድ የተከበሩ ሰው ሳሎን ቴምር ቀርቦልኝ «ሆዴን ያመኛል» ያልሁት ሁሉ ውሸት እንደነበር በዚሁ አጋጣሚ ይታወቅልኝ።

ሆዴን አያመኝም። የሚያመኝ ሌላ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1994 ዓ.ም.፣ በገና ጦም ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው ዳገት ወገብ ላይ ነው፤ ከደጃችን ቁልቁል ያየ የከተማውን ቆርቆሮ ያያል፣ ሽቅብ ያየ አንገቱን ይቀጫል። አባቴ በቅሎ እየሳበ ፈረንጅ ተራራ ያወጣል፤ ገና ሲቃረብ እሱን ቤት ማግኘት ዘበት ነው። ቤቱን የምንጠብቀው እኔና እማዬ ነን።

መጦም ከጀመርሁ ገና አንድ ዓመቴ ነበር። አዲስ ጦመኛ ደግሞ እንደ አዲስ ዘበኛ ነው፤ የሰውን ሁሉ አፍ ይፈትሻል። ማን ምራቁን ዋጠ፣ የማን ከንፈር ረጠበ፣ የማን ትንፋሽ ሽሮ ሽሮ አለ፣ ከእኔ የሚያመልጥ አልነበረም። የጎረቤታችን ልጅ ምናለ ከማሳ ውስጥ የባቄላ እሸት ሲቆረጥም ይዤ፣ እጁን ጠምዝዤ እናቱ ፊት አቅርቤዋለሁ። እናቱ እሱን ከመግረፏ በፊት እኔን አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ እግዜር ሥራ ፈትቶ ለአንቺ ሰጠሽ እንዴ?» አለችኝ። እኔ ምስጋና መስሎኝ ነበር።

እማዬ ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ ይዛኝ ትወርዳለች። የምታርፈው ጋሼ ሀቢብ ዳስ ሥር ነው። ጋሼ ሀቢብ ከወልዲያ በኩል ጨው፣ በርበሬ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ጭነው የሚመጡ ነጋዴ ናቸው። ሚስታቸው ሐምዲያና እማዬ በልጅነታቸው ከአንድ ምንጭ የቀዱ፣ አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ አፍንጫዋን የምትጠርግ ዓይነት ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለችው ድንበር ሥጋ ብቻ ናት። የእስላሙን ሥጋ ክርስቲያኑ አይበላም፤ የክርስቲያኑን እስላሙ አይበላም። ይህን በአገራችን ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። ከሥጋ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ ለቅሶውም ሠርጉም፣ የጋራ ነው።

የዚያን ዓመት ረመዳን ከገና ጦም ጋር ገጥሞ ነበር። የጋሼ ሀቢብ ከንፈር እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ሳየው፣ «እሳቸው እንኳ ደህና ጦመኛ ናቸው» ብዬ በልቤ ማኅተም መታሁላቸው።

ሐምዲያ እማዬን ከጨው ጆንያዎቹ ጀርባ ሳበቻት። እኔ ኮረሪማ የምመርጥ መስዬ ጆሮዬን ተከልሁ።

«ጤና ጣቢያ ምን አሉሽ?»

«ደም የለሽም አሉኝ።»

«አብሽሪ፣ ደም ይመጣል። እንደ ፊተኞቹ አይሆንም፣ ኢንሻ አላህ።»

«የፊተኞቹን አታንሺብኝ በማርያም! ሰው አፍ ገብተው እኮ ነው የቀሩት። ሦስቱም። ይኼን እስኪጠና ከአንተ ሌላ አላወራም ብዬ ለእግዜር ነግሬዋለሁ። ከአረጋና ከንስሐ አባቴ፣ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«ማንስ ይናገራል! እንኪ፣ ይኼን ወንድሙ ከዐረብ አገር ለጦማችን የላከለት ነው። ሀቢብ 'ከእኔ ይልቅ ለሷ' ብሏል። ሦስት ጧት፣ ሦስት ማታ። ባዶ ሆድሽን እንዳትነሺ። ከሰለቸሽ ማታ በውኃ ዘፍዝፊውና ጧት ጨፍልቀሽ ከገብስ ሙቅ ጋር አማስለሽ ጠጪው። ከተልባም ጋር ይሄዳል። የውስጡን ጠንካራውን ግን ትፊዋለሽ፤ ጥርስ ይሰብራል።»

«ጧት? በጦም?» አለች እማዬ። ይኼን ጊዜ ዓይኗ እኔ ላይ ወደቀ። «ፅናት! ሂጂ በቅሎዎቹን እዪ!»

በቅሎዋ አብራን አልነበረችም፤ አባቴ ይዟት ሄዷል። ግን ሄድሁ።

ከተባረርሁ በኋላ ሐምዲያ ምን እንዳለች እማዬ የነገረችኝ ባለፈው ማክሰኞ ነው። «መምሬ ፈቅደውልሽ የለ?» ነበር ያለቻት። ትንሽ ዘግይቼ ተባርሬ ቢሆን ኖሮ ይኼ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

እኔ ግን ይዤ የተመለስሁት ሌላ ነገር ነበር። ደም የለሽም! ሰው ያለ ደም እንዴት ዳገት ይወጣል? መንገዱን ሁሉ የእማዬን ተረከዝ ከኋላ እያየሁ አሰብሁ። በግ ሲታረድ አይቻለሁ፤ ደም ያለው ከሥጋ ጋር ነው። ታዲያ ደም ያለቀበት ሰው ደም ለማግኘት ምን ይበላል?

በማግሥቱ ማለዳ መልሱን አገኘሁ።

ከእንቅልፌ ስነሳ እማዬ አጠገቤ የለችም። ጎህ በበሩ ስንጥቅ እንደ ቢላ ገብቷል። እማዬ ከጎታው ጀርባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ከትንሽ ቅል ውስጥ አንድ ነገር አወጣች። ቡናማ ነው። የተጨማደደ ነው። የጣት አንጓ ያህላል። አፏ ውስጥ ከተተችው፤ አኘከችው፤ ዓይኗን ጨፈነች። ቀጥሎ ወደ መዳፏ ተፋችና ምድጃው አመድ ውስጥ ቀበረችው። ከዚያ ሁለተኛ። ከዚያ ሦስተኛ።

ቋንጣ! ከነአጥንቱ!

ልብሴ ውስጥ ሆኜ ቀዘቀዝሁ። በጦም ሥጋ። ያውም ጧት። ያውም ከሐምዲያ ዳስ የመጣ ሥጋ። አንድ ሰው በአንድ ጉርሻ ሦስት ኃጢአት ሲጎርስ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እናቴ ናት።

ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ አመዱን ጫርሁ። የዚያን ጧት ብቻ አልነበረም የተገኘው፤ ስድስት ነበሩ፤ የማታዎቹ ሦስቱ ደርቀዋል፣ ሦስቱ ገና ያጣብቃሉ። ትንንሽ፣ ረዘም ያሉ፣ በመካከላቸው ሰንበር ያላቸው አጥንቶች። የምን እንስሳ እንደሆኑ ለማወቅ አንዱን አሸተትሁ። ከዚያ፣ ለምርመራ ብዬ፣ በምላሴ ጫፍ ነካሁት።

ማር ነው!

«ለካ የከለከሉን ስለሚጣፍጥ ነው» ብዬ ደነገጥሁ። ምላሴን በነጠላዬ እስኪደማ ፈተግሁት። አሁን እኔም ገብቼበታለሁ። እናቴንም ራሴንም ከሲኦል ማውጣት አለብኝ። መፍትሔው ደግሞ የታወቀ ነው፤ ካህን።

ዕለቱ እሑድ ነበር። አጥንቶቹን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ከእማዬ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። የደብሯን ስም አልጠራም፤ ትንሽ ናት፤ ከአሸተን በታች ወይራ መካከል የተደበቀች። የዚያን ቀን የቀደሱት የእማዬ የንስሐ አባት መምሬ ወልደ ሰንበት ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቀድሱ ድምፃቸው ከፍ ሳይል የሚደርስ ሰው ነበሩ። እማዬ እስከ መጨረሻው ቆመች፤ ሲያበቃ ግን ግድግዳ ይዛ «ራሴን አዞረኝ፤ ከሰንበቴው ዳቦ ይዘሽልኝ ነዪ» አለችኝና ወደ ቤት ወረደች። ሥጋው ያዞራት መሰለኝ።

ሰንበቴው ወይራው ሥር ነው የሚበላው። ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ጠላ፣ ሽማግሌዎች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ፣ እኛ ልጆች መሬት ላይ። መምሬ ዳቦውን ከባረኩ በኋላ እንደ ልማዳቸው ልጆቹን ጠየቁ።

«ልጆች፣ ጦም ማለት ምን ማለት ነው?»

«አለመብላት!» አለ ምናለ፤ ከባቄላው ወዲህ ብልጥ ሆኗል።

«እሱስ ድንጋይም አይበላም። ሌላስ?»

ተነሣሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ አየኝ።

«አባ፣ ጦም ማለት ሌላው ሲገድፍ አይቶ ዝም አለማለት ነው!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። መምሬ አልሳቁም። የነጠላዬን ጫፍ ፈታሁ። ስድስቱ አጥንቶች ዳቦው የተቀመጠበት ሌማት ላይ ተንከባለሉ።

መጀመሪያ የተነሡት እትዬ ይማርሽ ናቸው። እትዬ ይማርሽ ወልዲያ ሰው ቤት ሠርተው የተመለሱ፣ ያላዩት የሌለ፣ ያዩትንም ያላወሩት የሌለ ጎረቤታችን ናቸው። አንዱን አነሡና በጣታቸው አሹት።

«ይኼማ የቴምር ነው!» አሉ። «እዩት፣ ገና እርጥብ ነው። ዛሬ ጧት የተበላ ነው። አንቺ ልጅ፣ ከየት አመጣሽው? የማን ነው?»

ቴምር! የእንስሳው ስም ቴምር ነው ማለት ነው። አጥንቱ እንዲህ ካነሰ፣ አልሁ በልቤ፣ ከዐይጥ አይበልጥም። አፌን ከፈትሁ። «የእ...» ድረስ የተናገርሁ ይመስለኛል።

«የኔ ነው» አሉ መምሬ ወልደ ሰንበት።

ድምፃቸው ያው ነበር። ከፍ አላለም፤ ግን እስከ ግቢው በር ደረሰ።

«የማን?» አሉ እትዬ ይማርሽ።

«የኔ ነው አልኋችሁ።»

«ይቀልዳሉ አባ?» አለ አንዱ ሽማግሌ። «ዛሬ እኮ የቀደሱት እርስዎ ነዎት!»

«አልቀልድም።»

«ታዲያ ይኼ ከቅዳሴ በፊት ነው የተበላው? ቀምሰው ነው መቅደስ የገቡት?»

መምሬ ጎንበስ ብለው አምስቱን አንድ በአንድ ከዳቦው ላይ ለቀሙ። ስድስተኛውን ከእትዬ ይማርሽ ጣት መካከል ተቀበሏቸው። ቀና ሲሉ እኔን አዩኝ። ያንን አስተያየት የሌባ አስተያየት ብዬ መዘገብሁት። አሁን ሳስበው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ ዝም እንድል።

ዝም አልሁ። ግን ስለገባኝ አልነበረም። የገባኝ ሌላ ነው፤ ለካ እሳቸውም ይበላሉ! ለካ ከእማዬ ጋር ይካፈላሉ!

«በላሁ» ብለው አያውቁም። ይኼን ልብ ያልሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። «የኔ ነው» ብቻ ነው ያሉት። እንድትበላ የፈቀዱላት እሳቸው ናቸው፤ የፈቀደ ሰው የተፈቀደውን ነገር የኔ ነው ቢል ውሸታም ይባላል ወይ? ለእሷ ፈቅጄላታለሁ ቢሉ ደግሞ ምክንያቱን አገር ሁሉ በጣቱ ይቆጥራል፤ ጤነኛ ሴት በጦም የሚፈቀድላት ለምን እንደሆነ የማታውቅ አሮጊት ላስታ ውስጥ የለችም። እማዬም ሰው አፍ ከገባ ይቀራል ብላ ያመነችው ነገር ሰው አፍ ይገባል። ይኼን ሁሉ ሌማቱ ላይ አጥንቶቹ ተንከባለው እስኪቆሙ ድረስ አሰቡት ማለት ነው።

የደብሩ አለቃ ከአገልግሎት አገዷቸው። «ንስሐ ይግቡና ይመለሱ» ተባሉ። አልገቡም። ሰው ነገሩን ትዕቢት አለው። እኔ ዛሬ ስገምት፣ ያላደረጉትን አደረግሁ ብለው ለእግዜር መዋሸት አልፈለጉም። ለሰው ዝም ማለት ይቻላል፤ ንስሐ ላይ ግን ምን ይባላል? ስለዚህ ከመቅደስ ወጥተው ደጅ ጠባቂ ሆኑ። ደወል ይደውላሉ፣ ግቢ ይጠርጋሉ፣ ቅዳሴውን ከበሩ ውጭ ቆመው ይሰማሉ።

እኔስ? እኔ ሥራ ጀመርሁ።

የመጀመሪያ ድርሰቴን የጻፍሁት በዚያ ሳምንት ነው። ወረቀት አልነበረውም። ምናለና ሌሎቹን ሰብስቤ አስጠናኋቸው፦

*አባ ቴምር፣ አባ ቴምር፣*
*ጦም ሳይፈታ ሆዱን የሚያሳምር!*

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌአለሁ፤ ባለሥልጣን ያስቆጣ አለ፣ ያሸለመኝም አለ። እንደዚያ የተነበበ ግን የለኝም። በሁለተኛው ቅዳሜ ገበያ ደረሰ። ለገና ከየአገሩ የመጣው ተሳላሚ ይዞት ሄደ። አስጎብኚዎች ሳይቀሩ እየተረጎሙ ፈረንጅ አሳቁበት። መምሬ ሲያልፉ ከአጥር ጀርባ እንጮኻለን። አንድ ጊዜ ቆሙ። ደፋር ስለነበርሁ አልሮጥሁም። እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩና «ቤት መታሽለት» አሉኝ። ሄዱ።

ስድብ መሆኑን ሳላውቅ ኮራሁ። አሁንም ስድብ ነው ወይስ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አየሁ። መምሬ በጋሼ ሀቢብ ዳስ አጠገብ ሲያልፉ፣ ጋሼ ሀቢብ ቆብ አወለቁ። ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ቆባቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ መምሬ እስኪርቁ ቆሙ። አንድ ቃል አልተነጋገሩም። «ሻጭና ገዢ ተጠቃቀሱ» ብዬ ለምናለ ነገርሁት።

ገና ካለፈ በኋላ አንድ ቀን እማዬና መምሬ ከቤታችን ጓሮ ቆመው ሰማኋቸው። እማዬ ታለቅሳለች።

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ! እኔ እያለሁ እርስዎ እንዴት...»

«አትሄጂም።»

«ከተወለደ በኋላስ?»

«ያኔም።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። የሰማሁት እየተቆራረጠ ነው። «ልጅቱ... አገር ሁሉ... ገዝቼሻለሁ።»

ልጅቱ እኔ ነኝ። ግዝት ደግሞ ከእርግማን ይብሳል። እግሬ አውጪኝ ብዬ ሮጬ አልጋ ሥር ገባሁና እስኪመሽ ተደበቅሁ። መምሬ እኔን የገዘቱኝ መስሎኝ፣ ለዓመታት ባየኋቸው ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ግጥሙን ግን አልተውሁም፤ በሩቁ እጮኻለሁ።

ሰኔ ላይ ወንድሜ ተወለደ። አዳም ተባለ። አንድ ቀን ሕፃን የለም፣ በማግሥቱ ሕፃን አለ፤ የእማዬ ሆድ ገፍቶ ሳየው ደሟ ተመልሶ የሞላ መስሎኝ ነበርና በጣም አልተገረምሁም። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ዝናብ ነበር። ያጠመቁት ሌላ ካህን ናቸው። መምሬ ወልደ ሰንበት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ፣ ጥላ ሳይዙ፣ ውኃ ከጥምጥማቸው እየተንጠባጠበ ቆመው ነበር። ሕፃኑ ውኃው ሲነካው ሲያለቅስ በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው፤ ሳቁ።

«እንኳን ዘነበባቸው» አልሁ።

ይኼን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። ግን ብዬዋለሁ።

ቴምር እንስሳ አለመሆኑን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። የክፍል ጓደኛዬ በረመዳን ማምሻውን ሰሐን ዘረጋችና «ብዪ» አለችኝ። አነሣሁ። ቡናማ፣ የተጨማደደ፣ የጣት አንጓ የሚያህል። ከፈልሁት። ሰንበር ያለው ያ አጥንት ወጣ። «ሆዴን ያመኛል» ብዬ አስቀመጥሁት። ያን ምሽት የነገሩን ግማሽ አወቅሁ፤ እማዬ ሥጋ አልበላችም። ሌላውን ግማሽ ጠይቄ ማወቅ እችል ነበር፤ ለእረፍት በየዓመቱ ቤት እሄዳለሁ፣ እማዬም አለች፣ መምሬም አሉ። አልጠየቅሁም። ቴምር አልበላም ማለት ይቀልል ነበር።

ዘንድሮ ሐኪም «ደም ማነስ አለሽ» አለኝ። ለምን እንደመረመረኝ አልናገርም፤ እንደ እናቴ እኔም እስኪጠና አላወራም። አንባቢ ደግሞ ቂል አይደለም። ፈቃድ ወስጄ ቤት ሄድሁ። ማክሰኞ ጧት እማዬ ሦስት ቴምር በሰሐን አድርጋ ፊቴ አኖረች። ከጋሼ ሀቢብ ልጅ ሱቅ የገዛችው ነው፤ ጋሼ ሀቢብ ከሞቱ ቆይቷል።

«ሦስት ጧት» አለችኝ። «የሰለቸሽ ቀን ከገብስ ሙቅ ጋር አማስልልሻለሁ።»

እኔ የተማርሁ ነኝና አንብቤ ነበር። ቴምር ስኳሩ ፈጥኖ ጉልበት ይሰጣል፣ አሠሩ ለሆድ ድርቀት ይረዳል፣ ፖታሺየምም አለው። ብረቱ ግን ያን ያህል አይደለም፤ ደም ሊሞላ ብቻውን አይበቃም። ይኼን ልነግራት አፌን ከፈትሁ።

«እማዬ፣ ቴምር እኮ...»

«አውቃለሁ» አለች። «እንክብሉንም ዋጪ። ከጤና ጣቢያ የሰጡኝን እኔም እውጥ ነበር። ይኼ ግን ለሌላው ነው። ጧት ስትነሺ የሚያስብልሽ ሰው እንዳለ እንድታውቂ።» በርጩማዋን ወደ እኔ ሳበች። «አሁን ልንገርሽ። ግዝቴ አልቋል።»

«የምን ግዝት?»

«መምሬ ናቸው። 'እናቷን ለአደባባይ አቀረበች ተብላ አትደግ፤ ራሷ ጸንሳ እስክታውቀው አንድ ቃል እንዳትነግሪያት፤ ያኔ ይገባታል' ብለው ገዘቱኝ። ሃያ ሦስት ዓመት በየበዓሉ ዳቦ እወስድላቸዋለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት 'ልጅቱ ደህና ናት?' ይሉኛል።»

ከጎታው ጀርባ ጀምራ ሁሉንም ነገረችኝ። ስትጨርስ አንዱን ቴምር አንሥቼ በላሁ። ያኔ አመድ ያለበት ነበር የቀመስሁት። ጣዕሙ ያው ነው።

በማግሥቱ አንድ ኪሎ በፌስታል ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ወንድሜ አዳም ሊሸኘኝ ፈለገ፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሆቴል እንግዳ ይቀበላል፣ ትከሻው በር ያህላል። «አባ ቴምር ጋ ነው የምትሄጂው?» አለኝ። ክፋት የለበትም፤ ሌላ ስም አያውቅላቸውም። ማንም አያውቅላቸውም። «ብቻዬን ልሂድ» አልሁት።

መምሬ ወልደ ሰንበት የግቢው በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መካከል አቁመው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ማን ነሽ?»

«ፅናት ነኝ አባ። የየሺሃረግ ልጅ።»

«እ... ቤት መቺዋ።» መዳፋቸውን ራሴ ላይ አኖሩ። ያው መዳፍ ነው። «ተነሽ፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል። ላንቺም ጥሩ አይደለም።»

እንዴት አወቁ አላልሁም።

«አባ፣ እማዬ ነግራኛለች።»

መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

«ለአለቃው እነግራለሁ። እጽፈዋለሁም፤ ጋዜጣ ላይ።»

«ምኑን?»

«እውነቱን።»

«የምን እውነት?» አሉ፤ አንድ ልጅ በሩ ላይ ሲያልፍ «አባ ቴምር፣ እንደምን አደሩ!» አለ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተ እንደምን አደርህ» አሉት።

ፌስታሉን ከፈትሁና አንድ ቴምር መዳፋቸው ላይ አኖርሁ። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። በአውራ ጣታቸው አሻሹት፤ ገለበጡት፤ አሸተቱት። እንደዚያ ያለ ነገር በእጃቸው ይዘው እንደማያውቁ ሰው ግራ ገባቸው።

«ልጣጩ ይላጣል?» አሉኝ።

ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጥሁ።

«አይላጥም አባ። እንዳለ ነው የሚበላው።»

«ይሁን። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እበላዋለሁ።» በነጠላቸው ጫፍ፣ ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ ቋጠሩት።

«አባ... ቀምሰው አያውቁም?»

ቋጠሮውን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ቀምሰው የማያውቁትን ነገር ለምን የኔ ነው አሉ? ይኼን ሁሉ ዓመት ደጅ የቆሙት... ይንገሩኝ እንጂ፣ ለምን?»

መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ወደ ደወሉ ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ።

«አልናገርም» አሉ።